«ድሊዥያ»፦ አንዲት የላዲን ቃል ከየት መጣች?

ሰሜን ጣሊያን፣ ዶሎሚቲ ተራሮች መሀል፣ ቫል ባዲያ የሚባል ሸለቆ አለ። እዚያ ላዲን ይነገራል። ከላቲን የተወለደ ቋንቋ ነው፤ ተናጋሪዎቹ ወደ 30,000 ቢሆኑ ነው። የመንገድ ምልክቱ ሳይቀር በላዲን፣ በጀርመንኛና በጣሊያንኛ ተጽፏል። እኔን የያዘችኝ ቃል «ድሊዥያ» ናት። አውቶቡስ ስጠብቅ አጠገቤ የነበሩትን ሽማግሌ ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቃቸው በእጃቸው የደወሉን ማማ አሳዩኝ። ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው።

በጣሊያንኛ ግን «ኪየዛ» ነው። ታዲያ ይቺ «ድ» ከየት መጣች? የጣሊያንኛው «ዲ»፣ እንደ እኛ «የ» ያለው፣ ተጣብቆባት ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ በዚሁ ስባክን ከረምኩ። ጥፋቴ ቃሏን ብቻዋን ይዤ ማፍጠጤ ነበር።

ከዚያ መዝገበ ቃላት ከፍቼ ሌሎች ቃላትን ጎን ለጎን ደረደርኩ። ቁልፍ በላቲን «ክላቪስ»፣ በላዲን «ትሌ»። በረዶ በላቲን «ግላኪየስ»፣ በላዲን «ድላቻ»። በቃ፣ ታየኝ! «ክል» ወደ «ትል»፣ «ግል» ወደ «ድል» ይዞራል። እኛም ጋ እኮ እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ የግዕዙ «እድ» አማርኛ ላይ «እጅ»፣ «ወላዲ» ደግሞ «ወላጅ» ሆኗል። ድምፅ ዝም ብሎ አይለወጥም፣ መንገድ አለው።

ግን አንድ ነገር አልገጥም አለኝ። የቃሏ ሥር ከግሪክ ወደ ላቲን የገባው «ኤክሌሲያ» ነው፤ ያለው «ክ» እንጂ «ግ» አይደለም፣ ስለዚህ «ትሊዥያ» መሆን ነበረባት። እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ። መልሱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነበር። ፊት ላይ ያለችው «ኤ» ገና ሳትወድቅ፣ «ክ» ከአናባቢ ኋላ ስለነበረች ላልታ «ግ» ሆነች፤ የስፓኒሹን «ኢግሌሲያ»ና የፈረንሳይኛውን «ኤግሊዝ» ብታዩ እዚያው ደረጃ ላይ ናቸው። «ኤ» የወደቀችው ከዚያ በኋላ ነው፣ ቃሉ በ«ግል» ጀመረ፣ «ግል»ም እንደ በረዶው «ድል» ሆነ። «ኤ» ቀድማ ወድቃ ቢሆን ዛሬ «ድ» አይኖርም ነበር። ይሄ ሲገባኝ የተሰማኝ ደስታ ልዩ ነው።

ስዊዘርላንድ ውስጥ የሚነገረው ሮማንሽ የላዲን የቅርብ ዘመድ ስለሆነ የሱም ቃል ከዚሁ ሥር ነው ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ ነበር። ባጣራው «ባዜልጃ» ነው የሚሉት፣ ሥሩም «ባሲሊካ» ነው። መስመሩን ሰረዝኩት።