ድሮን ያያል እንጂ አያወራም

የመጀመሪያው የድሮን ቪዲዮዬ 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነበር። መስቀል አደባባይ፣ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ቸርችል ጎዳና፣ ፒያሳ። ሁሉም ከላይ፣ ሁሉም 100 ሜትር አካባቢ፣ ሁሉም ወደ ፊት እየተጓዘ። ከሥሩ የፒያኖ ሙዚቃ አስገባሁበት። ያየው ሰው ሁሉ "ያምራል" አለኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ሰው እስከ የት ድረስ እንዳየው የሚያሳየውን ግራፍ ከፈትኩት። አብዛኛው 30ኛው ሰከንድ ላይ ሳይደርስ ወጥቷል።

በጣም ነው ያሳሰበኝ። ምስሉ ጥራት አለው፣ ብርሃኑ የጠዋት ነው፣ ድሮኑ አንዴም አልተንቀጠቀጠም። ታዲያ ምን ጎደለው?

መልሱን ያገኘሁት ከእናቴ ነው፣ እሷ ግን መልስ እየሰጠችኝ እንደሆነ አላወቀችም። እሁድ ቡና ተፈልቶ ቪዲዮውን በስልኬ አሳየኋት። "ያምራል" አላለችም። ፒያሳ ላይ ስንደርስ "ቆይ፣ ቆይ፣ መልሰው እስኪ" አለችኝ። መለስኩት። "ይሄ ወደ ዶሮ ማነቂያ የሚወስደው አይደል እንዴ? እዚህ ጋ እኮ ዳቦ ቤት ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሰልፉ መንገዱ ድረስ ይወጣል። አባትህ ሥራ ሲገባ እዚች ጥግ ላይ ነበር የምንለያየው።" ጣቷን ስክሪኑ ላይ ስታሳርፍ ቪዲዮው ይቆማል፣ እኔ አስኬደዋለሁ፣ እሷ መልሳ ታቆመዋለች። 8 ሰከንድ ብቻ በሆነች ክሊፕ ላይ አቦል ላይ የጀመረችው ወሬ በረካ ላይ ነው ያለቀው።

ዶሮ ማነቂያ፣ ያ የፒያሳ ሰፈር፣ በ2016 ዓ.ም ፈርሷል። ድሮኔ ያነሳው አሁን ያለውን ነው፤ የሰፋውን መንገድ፣ አዲሱን የእግረኛ መንገድ፣ መብራቱን። የዳቦ ቤቱን ሰልፍ ግን የቱንም ያህል ውድ ድሮን ብገዛ ላነሳው አልችልም። እሱን ማምጣት የሚችለው የሚያወራ ሰው ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ደቂቃ ውስጥ አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ሰውን ከላይ አንጠልጥዬ ዝም ብዬዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ የሥራ ቅደም ተከተሌን ገለበጥኩት። ድሮ መጀመሪያ አነሳለሁ፣ በኋላ ኤዲት ላይ ቁጭ ብዬ "ምን ልበልበት?" እላለሁ። አሁን መጀመሪያ ትረካውን እጽፋለሁ፣ ግማሽ ገጽ ይበቃል፣ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ያን ሲሰማ ሰው ምን ቢያይ ጥሩ እንደሆነ አሰፍራለሁ። ሾቶቹ የሚለያዩት ያኔ ነው። "ለልዩነት" ብዬ ሳይሆን፣ የተለያየ ነገር ስናገር የተለያየ ዕይታ ስለሚያስፈልገኝ።

ቸርችልን እንውሰድ። ከለገሃር ተነስቶ ዳገቱን ቀጥ ብሎ እስከ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣ መንገድ ነው። በመጀመሪያው ቪዲዮዬ ከታች እስከ ላይ አንድ ወጥ በረራ አድርጌው 50 ሰከንድ ወስዷል። ማንም አልጨረሰውም፣ እውነቱን ለመናገር እኔም አሁን ሳየው ይሰለቸኛል። ሁለተኛውን ስሠራ ግን ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት አንድ ነገር ነበር፦ በባቡር መጥቶ ለገሃር የወረደ ሰው፣ ሻንጣውን ይዞ ቀና ሲል ምን ያያል?

ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። ስለዚህ የጀመርኩት ከታች ነው። ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው የአንበሳ ሐውልት ጀርባ፣ ድሮኑን ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ አድርጌ አቆምኩት። ከመሬት ብዙም ያልራቀ ድሮን! መጀመሪያ የሚታየው የድንጋዩና የአንበሳው ጀርባ ብቻ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሲነሳ ከአንበሳው በላይ መንገዱ ብቅ ይላል፣ ቀጥሎ ሕንፃዎቹ፣ መጨረሻ ላይ እንጦጦ። ይሄን ባለሙያዎቹ ሪቪል ይሉታል፣ ደብቆ መግለጥ ማለት ነው። ትረካው ደግሞ አንበሳውን ይዞ ይሄዳል፤ ጣሊያን በወረራው ጊዜ ነቅሎ ሮም እንደወሰደው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ ቦታው ላይ እንደቆመ። ሰው ያን እየሰማ ሐውልቱን ሲያይ ሐውልት ብቻ ሆኖ አይታየውም።

ከዚያ ሙሽራ እንደሚከተል መኪና ወደ ፊት ብቻ አልሄድኩም። መሃል ላይ ካሜራውን ቀጥ አድርጌ ወደ ታች አዞርኩት። ቶፕ ሾት ነው፣ ሰማይ የለም፣ አድማስ የለም፣ ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎችና የሰው ጥላ ብቻ። ጠዋት ከሆነ ጥላው ከሰውየው ይረዝማል። እዚህ ላይ 5 ሰከንድ ምንም አላወራሁም።

ቀጥሎ ወደ ጎን በረርኩ። ይሄኛው ከሁሉም በላይ የምወደው ነው። አንበሳ አውቶቡስ መስኮት ጋ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ አይደል? የመንገዱ ዳር ምሰሶ ሽው እያለ ያልፋል፣ እንጦጦ ግን አብሯችሁ የሚሄድ ይመስላል። ድሮንም እንደዚያው ነው። ከፊት ቅርብ ነገር ካለ፣ ዛፍ ይሁን፣ የሕንፃ ጥግ ይሁን፣ የትግላችን ሐውልት ረጅሙ ዓምድ ይሁን፣ ወደ ጎን ሲኬድ ቅርቡ ይሮጣል፣ ሩቁ ይዘገያል፣ ጠፍጣፋ የነበረው ምስል ጥልቀት ያገኛል። 100 ሜትር ላይ ብቻ ስትበሩ ይሄን አታገኙትም፣ ምክንያቱም እዚያ ከፍታ ላይ ቅርብ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም እኩል ሩቅ ነው። የመጀመሪያ ቪዲዮዬ ያሰለቸው አንዱ በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

መጨረሻው ማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ በ1957 ዓ.ም የተመረቀው፣ አርክቴክቱ አርቱሮ ሜዜዲሚ። ያው አፍሪካ አዳራሽን የነደፈው ሰው ነው። እዚህ ስደርስ ድሮኑን ዞር አድርጌ ወደ መጣሁበት ወደ ታች አየሁ። ያ ከባቡር የወረደ ሰውዬ አሁን ላይ ደርሶ ቁልቁል እያየ ነው። ተመልካች ይሄን በቃል ባይነገረውም ይገባዋል።

ስለ ኦርቢት አንድ ነገር ልበል፣ አንድን ነገር መሃል አድርጎ በክብ ስለመዞር። ድሮኑ ራሱ በአንድ ቁልፍ ስለሚሠራው ሁሉም ሰው ያበዛዋል። ዙሪያው አንድ ዓይነት የሆነ የመስታወት ሕንፃ ብትዞሩት ያው መስታወት ነው። የምኒልክን ሐውልት ግን ስትዞሩ በአንድ በኩል ጊዮርጊስ ይመጣል፣ በሌላ በኩል በ2016 የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ። ፈረሱ መሃል ቆሞ ከኋላው ያለው ዘመን ይቀያየራል። እንደዚህ ሲሆን መዞር ትርጉም አለው። ጊዮርጊስን ራሱን ደግሞ ከላይ ቀጥ ብላችሁ እዩት፣ ስምንት ማዕዘን ነው፣ በሩ ላይ ቆሞ ለሚሳለም ሰው ያ ቅርጽ አይታየውም። ሰው ተሰብስቦ ሲቀደስ ግን ድሮን ይዛችሁ አትሂዱ። ጩኸቱ ይረብሻል፣ ከሰው ራስ በላይ ማብረርም ልክ አይደለም።

ፈቃድ ስለሌለው በረራ የሚጠይቁኝ አሉ። መልሴ አጭር ነው፣ አታድርጉት። ድሮን እዚህ አገር ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ሳይፈቅድ አይነሳም፣ መሃል ከተማው ደግሞ ቤተ መንግሥቱ፣ የአፍሪካ ኅብረት፣ ኤርፖርቱም ሩቅ ያልሆነበት ቦታ ነው። እኔ የማነሳው ሥራ ሲኖርና ወረቀቱ አልቆ ቦታና ሰዓቱ ሲታወቅ ነው። ሰዓቱ ስለሚለካም ነው ትረካውን ቀድሞ መጻፍ የሚጠቅመው፤ ምን እንደምፈልግ አውቄ ነው የምወጣው።

ባትሪውም እንደዚያው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 20 በመቶ ይሳሳል፣ ፕሮፔለሩ ያንኑ ክብደት ለመሸከም የበለጠ መሽከርከር አለበት። ካርቶኑ ላይ 30 ደቂቃ ቢልም እኔ 20 አስቤ ነው የምወጣው። የምወጣውም ጠዋት ከ12:30 እስከ 2 ሰዓት ባለው ነው፣ ከሰዓት ንፋስ አለ። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ከሆነ ሸተር ስፒድ፣ ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ፤ ብርሃን ሲበዛ ኤንዲ ፊልተር፣ ብርሃን የሚቀንስ መስታወት። እንቅስቃሴ ከመጀመራችሁ በፊትና ከጨረሳችሁ በኋላ 3 ሰከንድ ዝም ብላችሁ አቁሙት፣ ኤዲት ላይ ታመሰግኑኛላችሁ። ከዚህ በላይ ስለ ሴቲንግ የምለው የለኝም።

ስለ ትረካው ግን አለኝ።

መጀመሪያ የሞከርኩት እንዲህ ይል ነበር፦ "ይህ የምትመለከቱት የውቧ ከተማችን የአዲስ አበባ ማራኪ ገጽታ ነው።" ዓይን ያየውን ለጆሮ መድገም ነው። ሰው ሕንፃ እያየ "ሕንፃ" ብትሉት ምን ይጨምርለታል? አጥፍቼ እንዲህ ጻፍኩት፦ "እናቴ ይቺን ዳገት በእግሯ ትወጣት ነበር። ለታክሲ የምታወጣውን ለዳቦ ታደርገዋለች።" ምስሉ ያው ዳገት ነው፣ አንድም ነገር አልተቀየረም። ግን አሁን ተመልካቹ ዳገቱ ላይ ሰው ይፈልጋል።

ርዝመቱንም ለኩት። እኔ ሳነብ በደቂቃ 90 ቃል አካባቢ ነው የምሄደው፣ ስለዚህ 6 ሰከንድ የሆነ ሾት የሚሸከመው 9 ቃል ነው። ከዚያ ካለፈ ወይ ዓረፍተ ነገሩን አሳጥራለሁ ወይ ሌላ ሾት እፈልግለታለሁ። ድምፄን ሳነሳ የዜና አንባቢ ቃና ላለመያዝ ታገልኩ። የረዳኝ ነገር ጋቢ ተከናንቤ፣ ስልኩን አፌ አጠገብ አድርጌ፣ አንድ የማውቀውን ሰው እያሰብኩ ለሱ ብቻ መንገር ነው። ጋቢው የክፍሉን ማስተጋባት ይውጠዋል።

እናቴንም ቀዳኋት። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ዝም ብላ ስታወራ አልቀዳሁም፣ ከዚያ "እማዬ፣ ያን እንደገና ንገሪኝ" ብዬ ስልክ ስደቅንባት ነጠላዋን አስተካክላ "በዚያን ጊዜ ሕዝቡ..." ብላ እንደ ሬዲዮ ጀመረች። የቅድሙ ጠፋ። ሦስት እሁድ ጠበቅኩ። በመጨረሻ አስፈቅጃት ስልኩን ረከቦቱ ላይ ትቼው ስለ ሌላ ነገር ስንጫወት ራሷ ተመለሰችበት። ሲኒ ሲጋጭ ይሰማል፣ ማማሰያ ሲነካካ ይሰማል። አላጠፋሁትም።

ድሮን ለቪዲዮ የሚሆን ድምፅ አይቀዳም፣ ቢቀዳም የፕሮፔለር ጩኸት ነው። ስለዚህ ድሮኑን ካሳረፍኩ በኋላ እዚያው ቆሜ የአካባቢውን ድምፅ በስልክ እቀዳለሁ። የጊዮርጊስ ደወል። ረዳቱ "ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!" ሲል። "ወራጅ አለ!" የምትል የሴት ድምፅ። ይሄን ዝቅ አድርጌ ከምስሉ ሥር ሳስገባው ፒያኖው አላስፈለገም። በዚያውም በእጄ ቅርብ ነገሮችን አነሳለሁ፤ የሊስትሮ ብሩሽ፣ የተቆለለ ጋዜጣ፣ የሰው ጫማ ደረጃ ሲወጣ። ከላይ 6 ሰከንድ፣ ከታች 3 ሰከንድ። ዓይን ሲወርድ ሲወጣ አይደክምም።

አዲሱ ቪዲዮ 2 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሆነ። ያቺ የፒያሳ 8 ሰከንድ ክሊፕ መጨረሻው ላይ ናት፣ አልቆረጥኳትም፣ አላፈጠንኳትም። በላይዋ ላይ የእናቴ ድምፅ ብቻ አለ፣ "እዚች ጥግ ላይ ነበር የምንለያየው" ትላለች፣ ከዚያ ታክሲው ይሰማል።

ሰው ስለ ምስሉ አልጻፈልኝም። "የኛ ቤት ከዳቦ ቤቱ ወረድ ብሎ ነበር" አለኝ አንዱ። ሌላዋ የልጅነት ትምህርት ቤቷን መንገድ በሦስት መስመር ጻፈችልኝ። አንድ አባት ደግሞ "ቦታውን አሳስተሃል፣ ትንሽ ወደ ግራ ነው" ብለው አረሙኝ፣ እናቴ አንብባ ልክ ናቸው አለች።

ቀጥሎ ካዛንቺስ ነው። አክስቴ 40 ዓመት እዚያ ኖራለች፣ ቅዳሜ ልሰማት እሄዳለሁ። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ከወዲሁ በስልክ ሰጥታኛለች። ድሮኑ ገና ቦርሳው ውስጥ ነው።