ሰማያዊው ቀድሞ ይረግፋል

ዝናቡ ሦስተኛ ቀኑን ያዘ። እንዲህ ሲጨልም የሚመጣብኝ ያ የሕንዱ የቡንዲ ቤተ መንግሥት የግድግዳ ሥዕል አረንጓዴ ነው፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው፣ ጥላ ያረፈበት ውኃ የሚመስለው። ቲጂ ብትሰማ «ግድግዳሽ ጀመረሽ ደግሞ» ትለኛለች።

ቤተ መንግሥቱ ራጃስታን ውስጥ፣ ከኮታ ከተማ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከታራጋር ምሽግ ሥር ነው። መውጫው ዳገት ነው፤ የድንጋይ ንጣፉ በእግር ብዛት ስለተወለወለ ያንሸራትታል። ባትሪ መያዝ ግድ ነው። ውስጡ ጨለማ ነው፣ የሌሊት ወፍ ይሸታል። ከውጪው ፀሐይ ለገባ ሰው ምንም ስለማይታየው፣ ዓይኑ እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ቆሞ መጠበቅ አለበት። የቸኮለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1644 የተሠራውን ቻትራ ማሃል የተባለውን ክፍል አልፎ፣ ባዳል ማሃል ወደሚባለውም ገብቶ፣ ቀና ሳይል ይወጣል፤ የሂንዱው አምላክ ክሪሽናና ከብት ጠባቂዎቹ ሴቶች ጣሪያው ላይ ክብ ሠርተው እየጨፈሩ ይቀራሉ። ቺትራሻላ የሚባለው የሥዕል ቤት ግን ግቢ የከበበ ክፍት በረንዳ ስለሆነ ብርሃን አያጣም። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፣ የቡንዲው ገዥ የራኦ ኡመድ ሲንግ። አረንጓዴው እዚያ ነው።

«ግድግዳው ላይ የተሣለ» ሲባል ግን አይጥመኝም። በራጃስታን የእርጥብ ልስን ሙያ ቀለሙ ግድግዳው ውስጥ ነው። የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ፣ በውኃ ፈልቶ፣ ለወራት ተዘፍዝፎ ይቆያል፤ እርጎና ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ይገባበታል። ግድግዳው መጀመሪያ ሻካራ ልስን ይለሰናል፣ ቀጥሎ ኖራና የእብነ በረድ ዱቄት፣ ከላይ ስስ የኖራ ቅባት። በመርፌ በተበሳሳ ወረቀት ላይ የከሰል ዱቄት ሲነሰነስ ንድፉ ግድግዳው ላይ ያርፋል። ቀለሙ ተቀብቶ በትንሽ መለሰኛ እየተመታ ወደ ልስኑ ይገባል፣ ከዚያ አጌት በሚባል ጠንካራ ድንጋይ ይታሻል፣ በመጨረሻ የኮኮናት ቅባት። ኖራው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ሲሆን ቀለሙን ይዞ ይደነድናል። ለዚህ ነው በቀን የሚለሰነው በዚያው ቀን የሚሣለውን ያህል ብቻ የሆነው። ከዘገየ ቀለሙ በጣት ይለቃል፤ ከቸኮለ ደግሞ ማሻው ድንጋይ ልስኑን ቧጭሮ ያነሣዋል።

ኖራ ደግሞ ቀለም ይመርጣል። ቀይ አፈር፣ ቢጫ አፈር፣ አረንጓዴ አፈር፣ የኩራዝ ጥላሸት ይስማሙታል። ከእጽዋት የወጣውን ግን ኖራው ያቃጥለዋል። ሰማያዊ ብዙ ጊዜ ልስኑ ከደረቀ በኋላ በሙጫ የሚደረብ ነው፤ ስለዚህም ቀድሞ የሚረግፈው እሱ ነው። በሰማያዊ የሚሣለው የክሪሽና ፊት ተላጥቶ ከጎኑ ያለው ዛፍ ሳይነካ ሲታይ፣ የጥላቻ ጭረት ነው ብሎ ለመቆጣት አያስቸኩልም።

ትልቁ ጠላት ውኃ ነው፣ ውኃውም የሚጎዳው በተሸከመው ጨው ነው። እርጥበት ከመሠረት ሲወጣ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ከላይ ሲተን ጨው ከቀለሙ ሥር ይረጋና እየገፋ ያስረግፈዋል። የሌሊት ወፍ ኩስም ያግዘዋል። ከሁሉ የሚያናድደው ግን በደግ ልብ የሚመረግ ሲሚንቶ ነው። ኖራ ይተነፍሳል፣ ሲሚንቶ ያፍናል፤ እርጥበቱም መውጫ ሲያጣ ወደ ጎን ሄዶ በሥዕሉ በኩል ይወጣል፤ ከሲሚንቶው የሚሟሟው ጨውም አብሮት።

የእኛ ቤተ ክርስቲያናት ሥዕል ብዙው በሸማ ላይ ተሣልቶ የሚለጠፍ ነው፤ ሲበላሽም እንደ ጨርቅ ይለቃል። ኖራው ግን ያገናኘናል፦ በሱስንዮስ ዘመን አገራችን የነበሩት ኢየሱሳውያን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ ለግንብ የሚሆነውን የኖራ ድንጋይ የለየው ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ነው ብለው ጽፈዋል። ቻትራ ማሃል ሲሠራ ጎንደር ላይ ፋሲለደስ ነግሦ ነበር። ያ ሰውዬ ስለ ቀለሙስ ለማንም አላወራ ይሆን? ወይስ የሚጠይቀው አጥቶ ነው?

ቆይ፣ ልጽፍ የተነሣሁት ስለ ዝናቡ ነበር። ከራስጌዬ ያለውን የእርጥበት እድፍ አምና በገዛ እጄ በሲሚንቶ መርጌው ነበር። ዘንድሮ አንድ ክንድ ወደ ቀኝ ሄዶ ወጥቷል።