የካሜራ ስፔክ፣ 60950 እና ከግዥ ኮሚቴ ጋር ያየሁት ፍዳ

ለመሥሪያ ቤት የደህንነት ካሜራ ስፔክ (ዕቃው ሊያሟላ የሚገባው መስፈርት) የምታዘጋጁ ወይም ጨረታ የምትገቡ ካላችሁ ይቺን አንብቧት። እኔን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም፣ እስካሁንም ያናድደኛል።

ሥራው እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ያለ የቡና መጋዘን ነው። ካሜራ በሩ ላይ፣ ሚዛኑ ጋ፣ ውጭ ግድግዳው ላይ፣ ውስጥ ደግሞ ጆንያው የተደረደረበት። ቦታውን አየሁ፣ ለካሁ፣ ዋጋ አስገባሁ። እስከዚህ ድረስ ምንም ችግር የለም።

ጣጣው የመጣው ከአንዲት መስመር ነው። ስፔኩ «ካሜራው የአይኢሲ 60950-1 የኤሌክትሪክ ደህንነት ሰርተፊኬት ሊኖረው ይገባል» ይላል። እኔ ያቀረብኩት ካሜራ የያዘው አይኢሲ 62368-1ን ነው። በቃ፣ በዚህ ምክንያት ወደቅህ ተባልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አይኢሲ የኤሌክትሪክ ዕቃ ደረጃ የሚያወጣ ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው፣ ቁጥሮቹ የደረጃዎቹ መለያ ናቸው። 60950-1 ለኮምፒውተርና ለመሰል ዕቃዎች የወጣ የድሮ ደረጃ ነው። ለቴሌቪዥንና ለድምፅ ዕቃ ደግሞ 60065 የሚባል ነበር። ካሜራ የትኛው ውስጥ ይግባ? ኔትወርክ ላይ ይሠራል፣ ምስልም ይሰጣል። ዕቃዎቹ እየተደባለቁ ሲመጡ ሁለቱን የሚተካ 62368-1 ተዘጋጀ፣ መጀመሪያ የታተመው በፈረንጆች 2010 ነው። አውሮፓ የድሮውን የሚተውበትን ቀን አንዴ ካራዘመ በኋላ ዲሴምበር 20፣ 2020 ላይ ቆረጠው። በኛ ታኅሣሥ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አሜሪካም በዚያው ቀን ነው የተሻገረችው። የኛ ጨረታ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስፔኩን ያዘጋጀው ሰው ከድሮ ፋይል እንዳለ ገልብጦታል ማለት ነው።

ይሄን ይዤ ኮሚቴው ጋ ሄድኩ። ሰብሳቢው በጨዋነት ተቀበሉኝ። «ወንድሜ፣ ሰነዱ 60950 ይላል፣ አንተ ያመጣኸው 62368 ነው። ቁጥሩ አይገናኝም» አሉኝ። አዲሱ የድሮውን ተክቷል፣ እርስዎ የሚፈልጉት ደህንነት አዲሱ ውስጥ አለ ብዬ አስረዳሁ። «እሱማ ይሆናል፣ ግን ደብዳቤ አምጣበት» አሉ። ከማን? እሱን እሳቸውም አያውቁትም። አንዱ ቢሮ ስሄድ «እኛ ስለ ውጭ ደረጃ ደብዳቤ አንጽፍም» ይለኛል። ሌላው «አስመጪው ይጻፍልህ» ይላል። የአስመጪውን ደብዳቤ ይዤ ስመለስ ኮሚቴው «እሱማ ሻጭ ነው፣ ለራሱ ነው የሚመሰክረው» አለ። በመሀል ቀኑ ይሄዳል፣ የዋጋዬ ማጽኛ ጊዜ እያለቀ ነው፣ አስመጪውም ዶላሩ እየጨመረ ነው እያለ ይነዘንዘኛል።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ተወዳዳሪ መጋዘን ውስጥ የከረመ ካሜራ አቅርቦ አለፈ። ሰርተፊኬቱ ላይ 60950-1 ስለሚል ብቻ። ወረቀቱን ጠጋ ብዬ ሳየው የተጻፈው የሞዴል ቁጥር እሱ ያቀረበው ካሜራ አይደለም። የመጨረሻዎቹ ፊደላት ይለያያሉ። የፋብሪካው አድራሻም ሌላ ነው። የደረጃው ቁጥር ላይ ምልክት አድርገው አልፈውታል፣ ሞዴሉን ግን ከካሜራው ጋር ያስተያየ ሰው የለም። ደህንነት ተብሎ የተጻፈ መስፈርት እንደዚህ ሲነበብ ያሳዝናል። ነገ ያ መጋዘን ቢቃጠል ፋይሉ ንጹሕ ነው።

ያዳነኝ የጨረታው ሰነድ ራሱ ነው። አጠቃላይ ሁኔታዎች የሚለው ክፍል ውስጥ፣ ደረጃዎች ሲጠቀሱ «ወይም ተመጣጣኝ» ተብለው እንደሚነበቡ ተጽፏል። ገጹን ጠቅሼ አቤቱታ አስገባሁ። የሽግግሩ ቀን ያለበትን የአውሮፓ ማስታወቂያ አባሪ አደረግሁ፣ የሞዴሉን ልዩነትም አመለከትኩ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ተቀበሉ። ስለዚህ ምክሬ፣ ስለ ቴክኒኩ ስትከራከሩ አትክረሙ። ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ፣ በሰነዱ ቋንቋ አቤቱታ አስገቡ። በቃል ያስረዳሁት ሁሉ ሜዳ ላይ ነው የቀረው።

አሁን ወደ ዕቃው። ስፔኮቹ ሁሉ «ካሜራው ሰርተፊኬት ይኑረው» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ካሜራው የሚሠራው በ12 ቮልት ነው። 220 የሚገባው አዳፕተሩ ውስጥ ነው፣ ኤሌክትሪክ ሰው የሚይዘውም፣ እሳት የሚነሣውም በአብዛኛው እዚያ ጋ ነው። የካሜራው ሰርተፊኬት አዳፕተሩን አይሸፍንም። እዚሁ ጅማ መርካቶ ገብታችሁ አዳፕተር በእጃችሁ መዝኑት፣ አንዳንዱ እንደ ባዶ ክብሪት ቀፎ ነው። ሲኢ (የአውሮፓን ሕግ ያሟላል የሚል ምልክት) ተለጥፎበት ይሆናል፣ እሱ ግን አምራቹ በራሱ የሚለጥፈው ምልክት ነው። የአውሮፓው የቮልቴጅ ሕግ ደግሞ የሚጀምረው ተለዋዋጩን (ኤሲ) ከ50፣ ቀጥታውን (ዲሲ) ከ75 ቮልት ነው። ስለዚህ ባለ 12 ቮልት ካሜራ ላይ ያለ ሲኢ በዚያ ሕግ ስለ ኤሌክትሪክ አደጋ የሚነግራችሁ የለም። ለአዳፕተሩ ለብቻው 62368-1 ጠይቁ።

ሰርተፊኬቱን ብቻም አትቀበሉ። ሲቢ የሚባለውን፣ በአይኢሲ ደረጃ የተፈተሸ ዕቃ የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሰርተፊኬት፣ ከነሙሉ የፍተሻ ሪፖርቱ አስመጡ። መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የሚሞላ ሠንጠረዥ አለ። እኔ ሦስት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ዕቃው እስከ ስንት ዲግሪ ሙቀት ይሠራል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለሚሰቀል ካሜራ ይሄ ወሳኝ ነው። ሁለተኛ፣ የቮልቴጅ መዋዠቅ ምን ያህል ይችላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ። ሦስተኛው ከፍታ ነው፣ ይሄን ማንም አያየውም። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ኤሌክትሪክ ክፍተት መዝለል ይቀለዋል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ደረጃው ሰፋ ያለ ክፍተት ይጠይቃል። ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ያልፋል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 በላይ ነች። አንዳንድ የቻይና ዕቃ ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተራራ ምልክት ታያላችሁ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ አትጠቀሙ ማለት ነው። እዚህ ገዝታችሁ አዲስ አበባ ላለ ቅርንጫፍ እንዳትልኩት።

አይፒ66 ወይም አይፒ67 የሚለው የውኃና የአቧራ ነው፣ ስለ ኤሌክትሪክ ደህንነት ምንም አይልም። ለጅማ ዝናብ 66 ይበቃል፣ ገመዱ የሚቀጠልበት ሳጥን በደንብ ከታሸገ። ውኃ የሚገባው በካሜራው ሳይሆን በመቀጠያው ነው።

ምርጫው የኔ ከሆነ ውጭ ግድግዳ ላይ 220 ጭራሽ አላወጣም። ሁሉንም በፒኦኢ ነው የማደርገው፣ ማለትም ኃይሉም ምስሉም በአንድ የኔትወርክ ገመድ ይሄዳል። ቮልቴጁ ቢበዛ 57 ነው፣ 62368-1 ዝቅተኛ አደጋ ከሚለው ከ60 ቮልት በታች። ስዊቹ (ገመዶቹ የሚሰኩበትና ኃይል የሚሰጠው ሳጥን) ግን 802.3ኤኤፍ ወይም ኤቲ የሚባሉትን የፒኦኢ ደረጃዎች የያዘ ይሁን። እነዚህ ኃይል ከመልቀቃቸው በፊት ማዶ ያለው ዕቃ የሚቀበል መሆኑን ይፈትሻሉ፣ ርካሾቹ ዝም ብለው ይለቃሉ። ገመዱን ላጥ አድርጋችሁ በቢላ ፋቁት፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፣ መልሱት። ለመብረቁ ደግሞ ስዊቹ ጋ መከላከያ ይግባ፣ መሬት የገባ ግራውንድም ይኑር።

መጋዘኑ ላይ እንዲህ ነው የሠራሁት፣ ክረምቱንም ያለ ችግር አልፏል፣ በሥራዬ እኮራለሁ። መሥሪያ ቤቱ ግን ስፔኩን አላስተካከለም። ቀጥሎ ለሌላ ቅርንጫፍ ባወጣው ጨረታ ላይ ያው 60950-1 ነው ያለው። እዚያ ለመወዳደር ያሰባችሁ ካላችሁ የአቤቱታዬን ቅጂ ጠይቁኝ፣ ከነአባሪው እሰጣችኋለሁ።