ሜክሲኮ ላይ የበላን ዲቴንሽን

ዳላስ የጭነት መኪና ዲስፓች ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ማለት ለሹፌሮች ጭነት የሚያስይዝ ቢሮ፣ ባለቤቱ ሀበሻ ነው፣ ሠራተኛውም ቅልቅል ቢሆንም ግማሹ ሀበሻ ነው። ዓመቱ ጥሩ ስለነበር አለቃችን ጃንዋሪ ላይ ሁላችንንም ካንኩን ይዞን ሄደ። የቢቹን ነገር ልተወውና የቺቼን ኢትዛውን ቀን ልንገራችሁ፣ ያ ጥንታዊው የማያዎች ከተማ፣ ከካንኩን 200 ኪሎሜትር ገደማ ነው።

የቀኑን ፕሮግራም ያወጣችው ሱፐርቫይዘራችን ናት፣ ፕሪንት አድርጋ ለሁሉም አደለች፣ መነሻ፣ ፍርስራሹ፣ ምሳ፣ ዋና፣ መመለሻ፣ ሁሉም በሰዓት በሰዓት ተቀምጧል። ጋሼ የምንላቸው አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ አካውንቲንግ የሚሠሩ፣ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው "የኔ ልጅ፣ ይሄ በማን ሰዓት ነው?" አሏት። "ጋሼ፣ እሱ ላይ ተጽፏል እኮ" አለች። እኛም ሳቅን፣ አገር ቤት ቀጠሮ ሲይዙ "በሀበሻ ነው በፈረንጅ?" የሚሉት መሰለን።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ካንኩን ያለችበት ኪንታና ሮ የሚባለው ክልል እ.ኤ.አ. በ2015 ሰዓቱን ቀይሯል፣ ቺቼን ኢትዛ ያለበት ዩካታን ደግሞ በድሮው ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ባሱ የክልሉን ድንበር ሲያልፍ ስልክህ ሳይነግርህ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ጋሼ ከዳላስ ጀምሮ የእጅ ሰዓታቸውን ነክተውት አያውቁም፣ ጃንዋሪ ላይ ዳላስና ዩካታን ደግሞ አንድ ሰዓት ናቸው። ከባስ ስንወርድ ሰዓታቸውን ለሹፌሩ አሳዩት፣ እሱም ራሱን ነቀነቀና የራሱን አሳይቶ አንድ ጣቱን ቀሰረ። ስፓኒሽ አንድ ቃል አይችሉም፣ ግን ገባቸው።

ውስጡ መቼም ጉድ ነው። ትልቁ ፒራሚድ በአራቱም ጎን 91፣ 91 ደረጃ አለው፣ ከላይ ያለው መድረክ ሲጨመር 365 ይሆናል፣ በቃ ሕንፃው ራሱ ካሌንደር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ መውጣት ተከልክሏል። ፊት ለፊቱ ቆመህ ስታጨበጭብ ድምፁ ተመልሶ እንደ ወፍ ጩኸት ይሆናል፣ አስጎብኚዎቹ ሁሉ እያጨበጨቡ ነው የሚሄዱት። የኛው አስጎብኚ የማያን ዘመን አቆጣጠር ሲያስረዳ 20 ቀን ያላቸው 18 ወራት፣ ከዛ መጨረሻ ላይ የምትተርፍ 5 ቀን አለች ሲል ሀበሻው በአንድ ድምፅ "ጳጉሜ!" አለ፣ ሰውዬው ምን እንደነካን አልገባውም። እነሱ ግን እነዛን ቀናት እንደ ገደቢስ ነበር የሚያዩዋቸው።

ወረቀቱ "1 ፒኤም ባስ ውስጥ" ይላል። ከአስጎብኚው ጋር የነበርነው በሱ ሰዓት፣ ማለት በካንኩን ሰዓት ተመለስን፣ ጋሼ ቀድመው ገብተው ብርቱካን እየላጡ ነው። የቀረው ግማሽ ደግሞ በየመንገዱ የጃጓር ድምፅ የምታወጣ ፊሽካ ከሚሸጡት ጋር ዋጋ ሲከራከር ቆይቶ፣ ስልኩን እያየ፣ ዘና ብሎ በስልኩ 1 ፒኤም ላይ ከች አለ። በኛ 2 ፒኤም ሆኗል። ሱፐርቫይዘሯ ጮኸች፣ እነሱ ስልካቸውን እያሳዩ ጮኹ፣ ሁለቱም እኮ ልክ ናቸው!

ሰዓቱ የተበላው ከዋናው ላይ ነው። ኢክ ኪል የሚባለው ሴኖቴ፣ ማለት መሬቱ ተደርምሶ ከስር ያለው ውሃ የታየበት ጉድጓድ፣ ከላይ እስከ ውሃው 26 ሜትር ይወርዳል፣ የዛፍ ሥር ከአፉ ተንጠልጥሎ ውሃው ድረስ ደርሷል፣ ታች ጥቋቁር አሳዎች ይዋኛሉ። ግን ዘለህ አትገባም፣ መጀመሪያ ሻወር ወስደህ የቀባኸውን ሰንስክሪን ማጠብ አለብህ፣ ምክንያቱም ሰሜን ዩካታን ላይ ወንዝ የሚባል ነገር የለም፣ ያለው ውሃ ይሄ ከስር ያለው ነው። ከዛ ላይፍ ጃኬት፣ ከዛ የረጠበው የድንጋይ ደረጃ፣ እሱ ላይ ደግሞ አይሮጥም። አንዷ ልጅ እግሯን ነክራ ሳትጨርስ "ባስ!" ተባለ፣ እስካሁን ታማርራለች።

ማታ ሆቴል ስንደርስ ሹፌሩ የአንድ ሰዓት ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀ። አለቃችን "ሊያስጠነቅቀን ይገባ ነበር፣ አልከፍልም" አለ። እዚህ ላይ ነው እኔ ያፈርኩት፣ እኛ እኮ ሹፌራችን መጋዘን በር ላይ ሲቆም ጭነቱን ከሰጠን ብሮከር ጋር ለዲቴንሽን፣ ማለት ሹፌር ለቆመበት ሰዓት ለሚከፈለው ገንዘብ፣ ስንጨቃጨቅ የምንውል ሰዎች ነን፣ ኤል ፓሶ ቴክሳስ ውስጥ ሆና ሰዓቷ ሌላ መሆኑን ለሹፌር ሳንነግር ጭነት አንሰጥም። ያው ቢሮ ለራሱ ሠራተኛ ያደለው ወረቀት ላይ ግን ከተማ አልተጻፈም። "ሹፌሩ ነው ጥፋተኛው" የሚለውን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ብንሰማው ኖሮ እኛው ነበርን የምንቆጣው።

ሹፌሩ ምንም አልተከራከረም፣ ኪሱ ውስጥ የነበረች ወረቀት አወጣ፣ የደረሰበት፣ እንድንመለስ የተባለበት፣ የመጨረሻው ሰው የገባበት ሰዓት በእስክሪብቶ ተጽፏል፣ እያንዳንዱ አጠገብ ደግሞ "ካንኩን" ብሎበታል። ጋሼ ወረቀቷን ተቀብለው አዩና ለአለቃችን "ልጄ፣ ይሄ እኮ ካንተ ኢንቮይስ ይሻላል" አሉት።

ከፈለ። ቲፑን ግን ጋሼ ናቸው ከኪሳቸው የሰጡት፣ እስካሁንም አልተመለሰላቸውም።