ለክትባት ካርዷ እናት ያልመለስኩት

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት እናት የ14 ሳምንት ልጇን አቅፋ፣ የክትባት ካርዱን ወደ እኔ ዘርግታ «ዶክተር፣ ይሄ ዘጊ አናዳ የሚባለው ምንድን ነው?» አለችኝ። ጤና መኮንን እንጂ ዶክተር አለመሆኔን ማስረዳት ከተውኩ ቆይቻለሁ። «ጉሮሮ የሚዘጋ በሽታ ነው፤ ዲፍቴሪያም ይሉታል» ብዬ አለፍኩ። በ11 ዓመት ሥራዬ አንድም ታማሚ አላየሁም።

አፍሬ ማታ ማንበብ ጀመርኩ፤ ንባቡም ለንደን አደረሰኝ። በ1855 የወጣ ሕግ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የከተማዋ ወረዳዎች የጤና ሹም እንዲቀጥሩ አስገድዶ ነበር። የእኔው ማዕረግ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እነርሱ ሐኪሞች መሆናቸው ነው። ሹሙ በሽታውን የሚያውቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ በወረቀት ነው። ከ1889 ጀምሮ የለንደን ሐኪም ዲፍቴሪያ ያየበትን ቤት ማሳወቅ ግዴታው ሆነ፤ ለግል ታካሚ 2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ይከፈለዋል። በሕጉ ዝርዝር ውስጥ ዲፍቴሪያ አለ፤ አጠገቡ ደግሞ «ባለሽፋን ክሩፕ» የሚባል ሌላ ስም አለ፤ እሱም ጉሮሮ ላይ ሽፋን ጋግሮ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሕመም ነው። ሁለቱንም ማስገባታቸው ብልህነት ይመስለኛል። ትንፋሹ የሚያፏጭ ሕፃን አልጋ አጠገብ በሻማ የቆመ ሐኪም የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል?

ወረቀቱ ሲደርስ መርማሪ ይላካል። ክፍሉ በድኝ ጭስ ይታጠናል፤ የቆሻሻ ቱቦውም ይፈተሻል፤ የቱቦ ሽታ በሽታውን ያመጣል የሚል እምነት ነበርና። እኔ አልስቅባቸውም። ቱቦው መጠገኑ ለሌላ በሽታ ጠቅሟል።

መልሱ የመጣው ከጥጥ ነው። ሎፍለር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1884 የዲፍቴሪያን ጀርም በላቦራቶሪ አሳደገ። የገረመኝ ግን ከአንድ ጤነኛ ልጅ ጉሮሮም ማግኘቱ ነው! በዚያ ላይ ዲፍቴሪያ ይዟቸዋል ከተባሉ አንዳንዶቹ ዘንድ አጣው። ስለዚህ ጥጥ ጉሮሮ ላይ አስነክቶ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ሲለመድ፣ ሹሙ ሳይታመም የሚያስተላልፈውንም ልጅ መፈለግ ቻለ። ድኝ የሚታጠነው ግን ክፍሉ እንጂ ልጁ አይደለም።

ከሁሉ የወደድኩት ሸርሊ መርፊ የተባለውን የለንደን ካውንቲ የጤና ሹም ነው። ማይክሮስኮፕ ሳይነካ፣ መዝገብ ብቻ ይዞ፣ ትምህርት ቤቶች በሚዘጉበት በኦገስት የተማሪዎች ሕመም እንደሚቀንስ አየ። ልጆቹ የሚገናኙት ክፍል ውስጥ ነው ማለት ነው። የትምህርት ቦርዱ ሰዎች አልተቀበሉትም። እኔም ወረዳ ላይ ቁጥር ይዤ የገባሁባቸውን ስብሰባዎች አስታወስኩ።

ያቺ እናት ልጇ 9 ወር ሲሞላው ለኩፍኝ ክትባት ትመለሳለች። ብሬቶኖ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ዲፍቴሪያ የሚለውን ስም ቆዳ ከሚል የግሪክ ቃል እንዳወጣው፣ ጉሮሮ ላይ የሚጋገረው ግራጫ ሽፋንም ሲላጥ እንደሚደማ እነግራታለሁ። ልጁ እያለቀሰ ካልሆነ።