የቁመት ነገር

ዛሬ ዝም ብሎ ደብሮኛል። እሁድ ስለሆነ ይሆናል። ቤት ከምቆዝም ብዬ ጣና ዳር ወጣሁ። ቡናዬ እስኪመጣ ስልኬን ስጎረጉር አንድ የቆየ ፎቶ ተደቀነብኝ። ሁለት የቤዝቦል ተጫዋቾች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ የያንኪሱ አሮን ጀጅ፣ 2 ሜትር ከ1። ሌላው የሂውስተኑ ሆሴ አልቱቬ፣ 1 ሜትር ከ68። የአልቱቬ አናት የጀጅን ትከሻ በቅጡ አያልፍም። ቁመቴን የምታውቁ የማን ወገን እንደሆንኩ አትጠይቁኝም።

በፈረንጆቹ 2017 ጀጅ 52 ሆም ራን መታ፤ ኳሷን ከአጥር ውጭ መላክ ማለት ነው። አልቱቬ 24። የአሜሪካን ሊግ ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ግን አልቱቬ! እርግጥ ሽልማቱ የጉልበት ብቻ አይደለም። እሺ፣ በ2019 የመታው 31 ሆም ራንስ? የድሮው ተጫዋች ሃንክ አሮንም ግዙፍ አልነበረም፤ 1 ሜትር ከ83 ገደማ፣ ቀጠን ያለ። 755 ጊዜ ኳሷን ከአጥር ውጭ ልኳታል። ሃክ ዊልሰን ደግሞ በ1930 ዓመቱን በ56 ሆም ራን ሲጨርስ ቁመቱ የአልቱቬ ነበር። ጎኑ ግን የሌላ ሰው ነው፣ በርሜል በሉት።

ዘጌ ያለው አጎቴ ትዝ አለኝ። አጭር ነው፤ እኛ ዘር ውስጥ ረጅም የት አለና። የገና ጨዋታ ላይ ሩሯን ሲመታ ግን ጎረምሶቹ ገለል ይላሉ። መጀመሪያ የግራ ተረከዙን መሬት ላይ ይተክላል። ከዚያ ወገቡ ይዞራል። እጁ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ረጃጅሞቹ በክንዳቸው ብቻ ይታገላሉ፤ እሱ በእግሩ ነው የሚመታው ማለት ይቻላል። ኳስን የሚያበራት የዱላው ፍጥነት ነው፣ ፍጥነቱ ደግሞ ከታች ነው የሚነሳው።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ግን በ2022 ጀጅ 62 መታ፤ የአሜሪካን ሊግ ሪከርድ። ግዙፍ ሰው ኳሷን ትንሽ ቢስታትም አጥሩን ታልፍለታለች። አጭሩ ግን መሃሏን ማግኘት አለበት፣ ሁልጊዜ። ቅር የሚለኝ ይሄ ነው። መምታት ይከለከላል አይደለም፤ መሳት ነው የሚከለከለው።

ለመሆኑ አጎቴ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ቢጨመርበት ሩሯ ጣና ውስጥ ትገባ ነበር? ወይስ ያን ወገብ ማዞሩን ጭራሽ አይማረውም ነበር?

እኔማ ሩሯን አግኝቻት አላውቅም። በቁመቴ እንዳላሳብብ ደግሞ፣ ያለችው መሬት ላይ ነው። ከማንም በላይ የምትቀርበው ለእኔ ነው።