ቂጥኝ ነው ተብላ የመጣችው ሴት

ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ያንገበግበኛል። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ሴትዮዋ ከብቸና ወዲያ ካለ ገጠር ነው የመጣችው። ሦስት ጊዜ አስወርዷታል። ቪዲአርኤል በሚባለው የቂጥኝ የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ነሽ እየተባለች ፔኒሲሊን ደጋግማ ተወግታለች። የባሏ ግን ኔጌቲቭ። ባልየው ዲያቆን ነው፣ አገሩም ትንሽ ነው፤ ምን እንደተወራባት መገመት አያቅትም።

ቪዲአርኤል እንላለን እንጂ የምንሠራው አርፒአር የሚባለውን ተመሳሳይ ምርመራ ነው። ሴረሟን (የደሟን ፈሳሽ ክፍል) ነጩ ካርድ ላይ ጠብ አድርጌ ሳሽከረክረው የከሰሉ ብናኝ ተቋጠረ። ግን ደካማ ነው። ሴረሟን እያቀጠንኩ ስሞክረው ከአራት እጥፍ (1፡4) አላለፈም።

ደም ስቀዳላት ሻሿ ሸሸት አለ። ከግንባሯ በላይ ያለው ፀጉር ሳስቷል። ጉንጮቿና አፍንጫዋ ላይ ቅላት አለ። ጣቶቿ አብጠዋል።

«እጅሽን ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ይለኛል። እንጀራ መጋገር አቅቶኛል።»

«ለሐኪሙ ነግረሽዋል?»

«ማን ጠየቀኝ፣ ወንድምዓለም? ምንሽን ያምሻል አይሉኝም። ከማን አመጣሽው ነው የሚሉኝ።»

ይኼን ያለችው ቀና ብላ ሳታየኝ ነው።

በቂጥኙ ጀርም በራሱ ላይ የሚነሳ አንቲቦዲ (ሰውነት የሚሠራው መከላከያ) የሚፈልገውን ቲፒኤችኤ ሠራሁላት። ኔጌቲቭ። አርፒአር የቂጥኙን ጀርም አያይም። የሚፈልገው ካርዲዮሊፒን በሚባል ስብ ላይ የሚነሳ አንቲቦዲ ነው። ሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሕመም፣ ያለበት ሰው ደግሞ ቂጥኝ ሳይነካው ይህንኑ አንቲቦዲ በራሱ አካል ላይ ሊያመርት ይችላል። በ1982 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሉፐስ መለያ መስፈርት ሐሰተኛ የቂጥኝ ፖዘቲቭን እንደ አንድ ምልክት ቆጥሮታል። እነዚህ አንቲቦዲዎች ደም ያረጋሉ፣ የእንግዴ ልጁን ይጎዳሉ፣ ጽንስ ያስወርዳሉ። ያሰደባት ውጤትና ልጆቿን ያሳጣት ነገር አንድ ነበር ማለት ነው።

ወረቀቱን ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ገባሁ።

«ፖዘቲቭ ብላችሁ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ» አለኝ።

«ፖዘቲቭ አልን እንጂ ቂጥኝ አላልንም፣ ዶክተር። ፀጉሯን አይተኸዋል? ጣቶቿንስ?»

ዝም አለ። ከዚያ አስጠራት። እውነቱን ለመናገር፣ ከገባው በኋላ አላቅማማም። ናሙናዋ አዲስ አበባ ተላከ። ሉፐስን ለመለየት ከሚሠሩት የአንቲቦዲ ምርመራዎች ኤኤንኤ በከፍተኛ ታይተር (መጠን)፣ አንቲ ዲኤስዲኤንኤም ፖዘቲቭ ሆኖ መጣ። አንቲ ካርዲዮሊፒን ከ12 ሳምንት በኋላ ሲደገምም ፖዘቲቭ ነው። የሉፐስ መድኃኒት የሆነውን ሃይድሮክሲክሎሮኪን ጀመረች። ወደፊት ስታረግዝ ደሟ እንዳይረጋ አስፒሪንና ሄፓሪን እንደሚያስፈልጋት ተነገራት።

ባሏ እሷ ባለችበት እንዲነገረው ለመንኩ። ዲያቆኑ ወረቀቱን አገላብጦ፣ «ታዲያ በደል የለባትም?» አለ። «የለባትም» አለው ሐኪሙ። ይቅርታ የጠየቃት ሰው ግን አላየሁም። ከእኛም ወገን ማለቴ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። ጉልበቱን ያመመው ሁሉ ኤኤንኤ ይታዘዝለታል። ሴረሙ 80 እጥፍ ቀጥኖ (1፡80) ሲታይ እኮ ከ100 ጤነኛ ሰው 13 ያህሉ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። በቀደም አንዲት አስተማሪ በዚሁ ቁጥር ብቻ ሉፐስ አለብሽ ተብላ እያለቀሰች መጣች። ሽፍታ የላት፣ እብጠት የላት፣ ሽንቷ ንጹሕ። ያዘዘላትን ሐኪም ደውዬ አናገርኩት።

ደካማ ፖዘቲቭ በወጣ ቁጥር ግርጌው ላይ በእጄ አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ «በቲፒኤችኤ ይረጋገጥ፤ ከሕመምተኛው ምልክት ጋር ይታይ»። አለቃዬ ይሄ የላቦራቶሪ ሥራ አይደለም ይለኛል። እጽፋለሁ።